አራተኛው አይበራም

«አራተኛው አይበራም።»

ሰውዬው ይህንኑ ብሎ ላፕቶፑን ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ካሸሯ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሱቁ ባለቤት ግን አልሳቀም። ቻርጀር የሚያሳየውን ደንበኛ ትቶ ቀና አለና መጀመሪያ ሰውዬውን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን፣ መጨረሻ ላይ የእህቱን ልጅ አየ።

«ደግሞ?» አለ። «ኧረ የዛሬውስ ባሰ!»

የእህቱ ልጅ ክው ብላ ቀረች። የመጀመሪያው ላፕቶፕ በዚችው ቃል ተመለሰ። ሁለተኛውም ተመለሰ። ይኸኛውን የመረጠችው ስንቱን አገላብጣ፣ ስንቱን ጠይቃ ነው። ከእጇ ከመውጣቱ በፊት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አራት ስክሪን ሰክታበት አራቱም ቦግ ብለው በርተዋል። ታዲያ እዚህ የሚበራ ነገር እሱ ቤት ሲደርስ ምን ይነካዋል?

ይህችን ልጅ ሰፈሩ «ዶክተሯ» ነው የሚላት። ነጭ ጋውን ለብሳ አታውቅም፤ ስሙን ያወጡላት ደንበኞች ናቸው። የሞተ ላፕቶፕ ሲያመጡላት እንደ ሕፃን አቅፋ ጆሮዋን ታስጠጋና «ማራገቢያው ነው፤ አይዟችሁ፣ ይድናል» ትላለች። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ያሳደጋት ይኸው አጎቷ ነው። የላፕቶፑን ጠረጴዛ፣ የሱቁን ዋና ቦታ፣ ያስረከባት ቀን «እዚህ ቆመሽ የምትናገሪው የእኔ ቃል ነው» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ገብቶ «የቱ ይሻለኛል?» ሲል አጎትየው አፉን አይከፍትም፤ በአገጩ ወደ እሷ ይጠቁማል። እሷም ያቺን የአገጭ ጥቆማ ከደመወዟ አብልጣ ትወዳታለች።

ሰውዬውስ? እሱ ደግሞ «ባለ አራቱ» ይባላል። ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር አክሲዮን እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው፤ የትልቅ ቤት ልጅ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። መጀመሪያ የመጣ ቀን «አራት ስክሪን የሚሸከም ላፕቶፕ ፈልጌ ነበር» ሲላት «ላፕቶፕ ነው አህያ የፈለጉት?» ብላ አሳቀችው። ሲስቅ ዓይኖቹ ጥፍት ይላሉ። እሷም ጉዷን በዚያው አየች።

«አንዱ የዋጋው መስመር የሚወጣ የሚወርድበት ነው፤» አለ በጣቱ እየቆጠረ። «አንዱ ለዜና። በአንዱ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛው…» ዓይኑን ሰበረ። «እሱ ለመጠባበቂያ ነው።»

ሌላ ሻጭ ቢሆን ቀጭኑንና የሚያብረቀርቀውን አንስቶ ይሰጠው ነበር። እሷ ግን አስቀመጠችውና አስረዳችው። «የቀዳዳው ብዛት እንዳያታልልዎት። ገመድ መሰኪያው ሞልቶ ውስጡ ያለው ካርድ ሁለት ስክሪን ብቻ የሚያወጣ ስንት አለ መሰለዎት! መጠየቅ ያለብዎት 'በአንድ ጊዜ ስንት ስክሪን ያወጣል?' ብለው ነው። ሌላው ሙቀት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ማራገቢያው ደህና መሆን አለበት። ገመዶቹን ሁሉ የሚሰበስብ ማከፋፈያም ያስፈልግዎታል።» ከዚያ አራቱን ሰካችለት። አንዱ በራ፣ ሁለተኛው በራ፣ ሦስተኛው በራ። አራተኛው ትንሽ ዘገየ። በጥቁሩ መስታወት ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ሰዎች ታዩ። እሷ ወደ ስክሪኑ ታያለች፤ እሱ የሚያየው እሷን ነው። ሲበራ ሁለቱም ከመስታወቱ ጠፉ። የዚያን ቀን ልቧ ደረቷ ውስጥ አልቀመጥ አለ።

ከዚያ በኋላ መመላለሱ መጣ። «አራተኛው አይበራም።» ገመድ ለወጠችለት። «አራተኛው አይበራም።» ማከፋፈያውን ለወጠችለት። በመጣ ቁጥር ተቀምጦ ስለ ገበያው ያወራታል፣ ስለ ልጅነቷ ይጠይቃታል፤ ሳይሄድ ይመሻል። «ቤትዎ ሰው ልኬ ላሳይልዎት?» ስትለው ግን «አይ፣ አይ፣ አያስፈልግም!» ይላል ተደናግጦ።

«ሚስት አለችው፤» አለቻት ካሸሯ። «ቤቱን እንዳታይበት ነው። ወንድ ቤቱን ከደበቀ ሌላ ምን አለው?»

«ቢኖረው ለእኔ ምኔ ነው?» አለች ዶክተሯ። ያን ቀን ምሳዋን ግን አልነካችም።

እንግዲህ ዛሬ ሦስተኛው ላፕቶፕ ተመልሷል። አጎትየው ወደ ሰውዬው ዞረና በቀዘቀዘ ድምፅ «ይዘውት ይሂዱ ጌታዬ። ሰኞ ያምጡትና ሌላ ሰው ያየዋል» አለ። «ሌላ ሰው» የምትለዋ ቃል ሱቁ ውስጥ ተንጠልጥላ ቀረች። ባለ አራቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ አጎቷን አየ። የሚናገር መሰለ። ግን ላፕቶፑን አቅፎ ወጣ።

አጎቷ ካርቶን ወደተደረደረበት ጓዳ ጠራት።

«ልጄ፣ አልተቆጣሁሽም፤» አለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «ግን ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ እንደ አዲስ አይሸጥም። እሱስ ይሁን። ሰዉ 'ዶክተሯ አንዱን በሽተኛ ሦስት ጊዜ ገደለችው' እያለ ይሳለቃል። ትናንት በጆሮዬ ሰማሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሽፋንና ቻርጀሩ ጋ ትሆኛለሽ። ጠረጴዛውን ለጊዜው እኔ እይዘዋለሁ።»

«ጋሼ…»

«ለጊዜው ነው ያልኩት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምናልባት እውነት አላውቅ ይሆን? እስከዛሬ የመረጥኩት ሁሉ በዕድል ነው የሠራው? ራሷን ተጠራጥራ አታውቅም ነበር። አሁን እጆቿን ስታያቸው የሌላ ሰው እጅ መሰሏት።

አጎቷ ልጇን ሊጠብቅ ለእናቷ ቃል ገብቷልና ዶክተሯ ደንበኛ ቤት አትሄድም። ይህ የሱቁ ሕግ ነው። የዚያኑ ዕለት በምሳ ሰዓት ግን ገመድና መፍቻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ አድራሻውን ከዋስትናው ላይ አይታ ወጣች። ሚስቱም ትክፈት፣ ልጁም ይክፈት፤ እሷ የምትፈልገው ያን የማይበራ አራተኛ ስክሪን በዓይኗ ማየት ብቻ ነው። እንዲህ እያለች ራሷን ብታሳምንም መጥሪያውን ከመጫኗ በፊት ፀጉሯን አስተካከለች።

የከፈቱላት አንዲት ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። እናቱ መሆናቸውን ከዓይናቸው አወቀች።

«ዕቃ ከሆነ እዚያው በሩ ሥር አስቀምጪው፤» አሉ።

«አይደለም እማማ። ከላፕቶፕ ሱቁ ነኝ። ስክሪኑ አልበራ ብሎ…»

«አሃ፣ የሱቁ ልጅ!» ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ወርደው አዩዋት። «ጫማሽን በደንብ ጥረጊ። ምንጣፉ ገና መታጠቡ ነው። እሱ እዚህ ቅርብ ወጥቷል፤ ይመጣል።»

እንደ ዕቃ ነው የቆጠሯት። ዋጥ አደረገችውና ተከተለቻቸው። የሥራ ክፍሉ ንጹሕ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። የሚስት ነገር አይታይም፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ነጠላ ጫማ። ይህን ስታይ ደስ ሲላት በራሷ አፈረች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ አረንጓዴውና ቀዩ መስመር ሽቅብ ቁልቁል ይላል። እሷ የመረጠችው ላፕቶፕ በመካከላቸው ቁጭ ብሎ ያለ ድካም ይሠራል። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ጤናማ ነው፤ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።

«እማማ፣ አራተኛው ስክሪን የት ነው?»

«የቱ አራተኛ?»

«አራት ናቸው። የማይበራው፣ አራተኛው።»

ሴትየዋ ግራ ገባቸውና ወደ ጥጉ ጠቆሙ። እዚያ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ቆሟል፤ በላዩ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። «ያ ካርቶን ነው እንግዲህ ያለው። 'እንዳትነኪብኝ' ብሎኛል። አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ ጨርቅ አለበስኩት። ኋላ ቁመቱ ደስ ሲለኝ አበባዬን አኖርኩበት። ምን ላድርግ?»

ዶክተሯ ማስቀመጫውን ወደ መስኮቱ አዛወረችና ጨርቁን ገለጠች።

ካርቶኑ አልተከፈተም። ፕላስተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ጥፍር እንኳ አልነካውም። ዓይኗን ማመን አቃታት። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ዳሰሰችው። ገመድ የለወጠችለት፣ ማከፋፈያ የለወጠችለት፣ ላፕቶፕ በላፕቶፕ ላይ የመረጠችለት ስክሪን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የአበባ መቀመጫ ሆኖ ኖሯል!

በሩ ተከፈተ። ባለ አራቱ ገባ። እሷን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ የተገለጠውን ጨርቅ አየ። የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ።

«አልተከፈተም፤» አለች።

«ዶክተር፣ እኔ…»

«ፕላስተሩ እንዳለ ነው! ምኑ ነው የማይበራው? ካርቶኑ? አበባው ነው የማይበራው?» እስከዛሬ «እርስዎ» እያለች ያከበረችውን ሰው አንተ ማለቷ ለራሷም አልታወቃት። «ምን አድርጌህ ነው? ምን በድዬህ ነው የምትጫወትብኝ?»

«አልተጫወትኩም።» አለ። «የዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ አራቱም በሩ። አራቱም ከበሩ ሥራው አለቀ፣ ሄድኩ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ሌላ የምመጣበት ምክንያት አጣሁ።»

ወይ ጊዜ! ይህን ቃል ስንት ቀን ስትመኘው ኖራለች። ግን በዚህ ክፍል፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ንዴት መካከል ይምጣ ብላ አልተመኘችም። ልቧ ወደ እሱ ሲሮጥ ቁጣዋ እግሩን ያዘው።

«'ሰላም ነሽ ወይ' ብለህ መምጣት አትችልም ነበር? በር ተዘግቶብሃል?»

«ፈራሁ።»

«አንተ? በየደቂቃው ግዛ ሽጥ እያልክ የምትውለው ሰውዬ?»

«ገበያው ዛሬ ፊት ቢነሳኝ ነገ ሌላ ገበያ አለ፤» አለ። «አንቺ ፊት ብትነሺኝስ? ማን አለኝ?»

እንባዋ መጣ። በእልህ መለሰችው። «ስማ። አንተ ስትፈራ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። 'አላውቅም፣ ዕውቀት የለኝም' እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነው የሰነበትኩት። ሰዉ ሲስቅብኝ ነው የሰነበተው። ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ተወስዶብኛል፤ ሽፋን ልሸጥ ነው። ለአንተ ላፕቶፕ መመለስ ማለት መኪና አስነስተህ መጥተህ መጨዋወት ነው። ለእኔ ስሜ ነው። ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?»

«ጠረጴዛሽን?» ፊቱ አመድ መሰለ። ይህን በእውነት አልሰማም ነበር። «እኔ እኮ… አጎትሽ የሚቆጣ የመሰለኝ እኔን ነው…»

«አንተንማ ማን ይቆጣሃል!»

እናትየው በሩ ላይ ደርቀው ቆመዋል። «እኔ ደግሞ፣» አሉ ለራሳቸው፣ «ገበያው ከስሮበት ነው ምግብ ያስጠላው ብዬ ስጨነቅ…» መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ልጅቷን እንደገና አዩዋት። የአሁኑ አተያይ ጫማዋ ላይ አልወረደም።

ዶክተሯ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ «እወድሻለሁ!» ሲል ሰማችው፤ እናቱ ፊት፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። እግሯ ቀጥ አለ። ዞራ ብታየው እንደምትሸነፍ አወቀች።

«ይህን መጀመሪያ ቀን ብትለኝ ኖሮ፣» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ስንት ነገር ይተርፍ ነበር።»

መንገዱ ላይ ሰው ያያት ነበር፤ ታለቅሳለች፣ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫው ትዝ ሲላት ሳቋ ያመልጣታል። ተወድጄ ነው የተዋረድኩት ወይስ ተዋርጄ ነው የተወደድኩት? ሱቁ እስክትደርስ መለየት አልቻለችም። ለአጎቷ አልተናገረችም። ምን ብላ? ሕጉን ጥሼ ሰው ቤት ሄድኩ ብላ?

ሰኞ ጠዋት ሽፋንና ቻርጀሩ ጋ ቆመች። አጎቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ መነጽሩን እያወለቀ እያደረገ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ይታገላል። ደንበኞች እሷን ያዩና «ምነው ዶክተሯ፣ ተዛወርሽ እንዴ?» ይላሉ። ፈገግ ትላለች። ውስጧ ያርራል።

በሩ ተገፋ። ባለ አራቱ ነው። ላፕቶፑን ትከሻው ላይ አንግቦ፣ ያን ያልተከፈተ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፏል። ካርቶኑ አናት ላይ የአበባ ማስቀመጫው ክብ ምልክት ይታያል። መሀል ሱቁ ላይ ቆመ፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ካሸሯ የምትቆጥረውን ተወችው።

ከውጭ የመኪና ክላክስ ጮኸ። ሰውዬው ብርግግ አለ። በመስታወቱ በኩል ያ ባለ ሰንሰለት መነጽር ታየ፤ እናትየው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን ክላክሱ ላይ አድርገዋል።

«ጋሼ፣» አለ በመጨረሻ። «ላፕቶፑ ምንም አልሆነም።»

«ምን?»

«የመጀመሪያውም ደህና ነበር። ሁለተኛውም፣ ይኸኛውም። አራተኛውን ስክሪን ሰክቼው አላውቅም። ይኸው ካርቶኑ፤ አልተከፈተም። አይበራም ያልኩት… እዚህ ለመምጣት ነው። እሷን ለማየት።»

አጎትየው የያዘውን መነጽር እንደያዘ ቀረ። የመጀመሪያው ድምፅ የወጣው ከካሸሯ ነው። «በስመ አብ!» አለች።

«አንተ ሰው ጤነኛ ነህ?» አጎትየው ከወንበሩ ተነሣ። «ሦስት ዕቃ ካርቶኑን አስከፍተህ…»

«ሦስቱንም እወስዳቸዋለሁ ጋሼ። ያጎደልኩትን ሁሉ…»

«ዕቃውን ማን ጠየቀህ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ዶክተሯ አጎቷ እንዲህ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። «የልጄን ስም ነው የምጠይቅህ!»

«ስሟን ነው ልመልስ የመጣሁት።» ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ሁላችሁም ስሙኝ። ዶክተሯ የመረጠችው ሁሉ ልክ ነበር። ዋሽቼ ነው። እሷ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።»

አጎትየው መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። «ነይ፣ ቦታሽ፤» አላት። አጠገቡ ስትደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከሰው ወሬ በፊት አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅር በይኝ ልጄ» ጨመረ። እሱ ይቅርታ ሲል መስማት ያልጠበቀችው ነገር ነበር።

ካርቶኑን ከሰውዬው እጅ ተቀብላ ፕላስተሩን በመቀስ ቀደደችው። ከሱቁ ሦስት ስክሪን አመጣች፤ ማከፋፈያውን ሰካች፣ ገመዶቹን ሰካች። አንዱ በራ፣ ሁለተኛው በራ፣ ሦስተኛው በራ። አራተኛው እንደ ልማዱ ዘገየ። በጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ታዩ። አሁን ዓይኑን አልሰበረም፤ እሷም ስክሪኑን የምታይ አልመሰለችም። ከዚያ ቦግ አለ።

አንዱ ደንበኛ አጨበጨበ። ከውጭ ክላክሱ ረጅም ጮኸ።

«በራ፤» አለች ዶክተሯ። «እንግዲህ የምትመጣበት ምክንያት የለህም።»

«የለኝም፤» አለ። ገመዶቹን ሰብስቦ ላፕቶፑንና ስክሪኑን አቀፈ። አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ።

ልቧ አልቻለም። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ እሱን በኋላ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበታል፣ በዋዛም አትለቀውም። ሰው ግን ካቀፈው ዕቃ ጋር እንዲህ ተሰብሮ ሲሄድ ማየት አልሆነላትም።

«እንግዲያው ያለ ምክንያት ና!» አለችው።

ባለ አራቱ ደነገጠ። ዓይኖቹ ጥፍት እስኪሉ ሳቀና የመውጫው በር ጠፍቶት ካርቶን ወደሚደረደርበት ጓዳ ገባ። አጎትየው «በሩ በዚህ ነው!» እያለ ተከተለው። እሷ ጠረጴዛዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እጆቹ የራሷ ነበሩ።